የታብሌቱ አውጫጭኝ

ሰው በቤቱ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ ማንን መመርመር እንዳለበት የተማርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሐርጌሳ ላይ፣ በአንዲት በተሰነጠቀች ታብሌት ምክንያት ነው። ትምህርቱ ለእኔ ዘግይቶ ደርሷል። ልጅ የምታሳድጉ አንባቢዎች ካላችሁ ለእናንተ ሳይዘገይ ይድረስ ብዬ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ታፈረ እባላለሁ። ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው ብል ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ ባሕር ዳር የቀን ሠራተኛ ሳለሁ፣ በምሳ ሰዓት ከረጢቱን ዘርግቼ አንዱን ግንበኛ «ይቺ ማን ናት?» እያልኩ አንድ በአንድ ለየኋቸው። ከዚያ ጋዜጣ፣ ከዚያ መጽሐፍ፣ በመጨረሻም የቤት ፕላን ማንበብ ቻልኩ። በራሱ ጥረት የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ሌላው ሁሉ ያልለፋ ይመስለዋል። እኔም ይህ ጠባይ ነበረብኝ። አሁንም ጨርሶ ለቆኛል አልልም።

የምንኖረው ዳሚ ሰፈር ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ክፍሎች አሉ። በሁለቱ እኔ፣ ባለቤቴ አስካለና ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ልጃችን ሕይወት እንኖራለን። በሦስተኛው ከሐረር የመጣች ዘሃራ የምትባል ልብስ ነጋዴ አለች። በበሩ አጠገብ ባለው ትንሽ ክፍል ደግሞ ጌታነህ ነበር።

ጌታነህ የአገሬ ልጅ ነው። በድንበር ያሻገርኩት፣ ሙያ ያስተማርኩት፣ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል። በበዓል ቀን በግ ስንጋራ ቆዳውን ይዞ የሚቆመው እሱ ነው። ታምሜ ስተኛ ሥራዬን ሸፍኖ «ጋሽ ታፈረ መጥቶ ሄዷል» ብሎ ለምንሠራለት ቤት ባለቤት የሚዋሽልኝም እሱ ነው። አዎ፣ ለእኔ ሲዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

ታብሌቷን ያገኘናት ቤቷን ከሠራሁላት አንዲት የሐርጌሳ ሴት ነው። ሥራው ሲያልቅ «ይቺን ለልጅህ» ብላ ሰጠችኝ። ለሕይወት እንደ ዓይኗ ብሌን ሆነች። ስድስት ወር ሙሉ ለነርስነት ኮሌጅ መግቢያ ፈተና የተዘጋጀችው በእሷ ነው። ማስታወሻዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ፈተናው ደግሞ ኦንላይን ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት። የኮሌጁ ሬጂስትራር ተፈታኞችን ሲመዘግብ «በተመዘገበው ዕቃ ካልሆነ አይከፈትም» ብሎ አስጠንቅቋል። የሕይወት ስም የተመዘገበው በዚያች ታብሌት ነው።

በቤቴ አንድ ሕግ ነበር፦ ዕቃ የሰበረ ሳይጠየቅ ይናገር። ዱላ አልወድም፤ ሕግ እወዳለሁ። ልጄን አንድም ቀን አልመታሁም፤ ይህንንም በኩራት አወራ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ቀን ነው። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ይዤ ዋልኩ። አስካለና ሕይወት አንዲት የአገራችን ልጅ ወልዳ አራስ ሊጠይቁ፣ ልብስም ሊያጥቡላት ማልደው ሄዱ። ጌታነህ ለብቻው ሥራ ገባ።

ዓርብ ጠዋት ሕይወት ልታጠና ታብሌቷን ከመደርደሪያው አወረደች። «እማዬ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ ስገባ ከሽፋኗ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛታለች። ከላይ ከቀኝ ማዕዘን የጀመረ ስንጥቅ ሸረሪት ድር ሠርቶ እስከ መሃል ወርዷል። ሥዕሉ ይታያል፤ ሲነካ ግን አይሰማም። ይባስ ብሎ ማንም ሳይነካው ራሱን ይነካል፤ አንዱን ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል። መንፈስ የገባበት ይመስል ነበር።

«ማን ነው የጣለው?» አልኩ።

ወደ ግቢው ወጣሁና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«በዚህ ግቢ ውስጥ ማን ነው የጣለው?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ራሴን የምከስሰው። በልጅነቴ በአገሬ ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። የቀበሌው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ለተመረጠ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ስም ሳያወጣ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ጥፋተኛውን ያስታውቃል። አባቴ ይህን ሥርዓት ሲያወሳ ዓይኑ ያበራ ነበር። እኔም የዚያን ዕለት ጠዋት የግቢውን በር በቁልፍ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

«አውጫጭኝ ተቀምጠናል» አልኩ።

ዘሃራ የጥርስ ቡሩሿን እንደያዘች ከክፍሏ ብቅ አለች። «የምን አውጫጭኝ? የሕይወት አባት፣ ፍርድ ቤት ከፈትክ እንዴ?»

«ዕቃ ተሰብሯል። የሰበረው እስኪታወቅ ማንም አይወጣም።»

«ወላሂ እኔ ዕቃችሁን በዓይኔም አላየሁት። ከትናንት ወዲያ የሄድኩ ዛሬ ገና ሲነጋ፣ ሱብሂ ላይ ነው የተመለስኩት። ከሹፌሩ ጋር ጭቅጭቅ ላይ እያለሁ አንተው አይደለህ በሩን የከፈትክልኝ?»

እውነቷን ነው። አሰናበትኳት። እሷ ግን አልገባችም፤ በሯ ላይ ተደግፋ ታየን ጀመር።

አስካለ ነጠላዋን እንደለበሰች ቆማለች። የምትሠራበት ቤት ዓርብ ዓርብ የዘመድ ምሳ ስላለ በጠዋት መግባት ነበረባት። «አንተ ሰው፣ ረፈደብኝ። ማታ ስመለስ ይሁን» አለችኝ።

«ሕግ ማታና ጠዋት የለውም።»

«ታብሌት ነው እኮ፤ ሰው አልሞተም!»

«ዛሬ ታብሌት የደበቀ ነገ ሌላ ይደብቃል።»

ለሽማግሌነት ጌታነህን መረጥኩ። ከቤተሰቡ ውጭ ነው፤ ስለዚህ አያዳላም ብዬ ነው። በክፍሉ በር ላይ ቆሞ የነበረው ጌታነህ «ጋሽ ታፈረ፣ እኔ እንኳ ይቅርብኝ፤ ሌላ ሰው ይሁን» አለኝ። ትሕትናው ደስ አለኝ። «ካንተ የተሻለ ማን አለ? ግባ፣ ተቀመጥ» ብዬ ወደ ክፍሉ አስገባሁት። አንድ በአንድ እየገቡ የሚያውቁትን በጆሮው እንዲነግሩት፣ እሱም ወጥቶ እንዲያስታውቀን አዘዝኩ።

ዘሃራ ከበሯ ላይ ሳቀች። «ጉድ ነው! አፉን ሁሉ ስትመረምር ጆሮውን ማን መረመረው?»

«አንቺ አልተጠየቅሽም» አልኳት።

«እሺ፣ ዝም አልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ ከዚህ ክስ ነፃ ነኝ።»

መጀመሪያ አስካለ ገባች፤ ወዲያው ወጣች። ቀጥሎ ሕይወት ገባች። ቆየች። አንድ ሰው «አላውቅም» ለማለት ከሚበቃው በላይ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ከባድ ነገር ያወረደች ትመስል ነበር። ያን ፊት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በተሳሳተ መንገድ ተረጎምኩት።

ጌታነህ ወዲያው አልወጣም። ጠራሁት። ወጣ። መሬት መሬት እያየ «ጋሽ ታፈረ፣ ልጅቷ አምናለች። ልጅ ናት፤ ሳታስበው ነው። ይቅር በላት» አለኝ።

ሕይወት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አስካለ «ልጄ…» ብላ ጀመረችና የኔን ፊት አይታ ተወችው።

ልጄ እያየችኝ ቆመች። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ የግቢው በር ማዶ አንድ ባጃጅ አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ። የምትጠብቀው አንዲት ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ፍርድ ነበር የማዘጋጀው።

«ስድስት ወር የለፋሽበትን ጣልሽ፤ ይህ ስሕተት ነው። መልሰሽ ከሽፋኑ ከተትሽው፤ ይህ ግን ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አሁን ያየሽው መስለሽ ጮኽሽ፤ ይህ ተንኮል ነው። ነርስ የሰው ሕይወት ነው የሚሰጣት። ፈተናው ለዘንድሮ ይቅር። ከነገ ጀምሮ እንደ እናትሽ ሰው ቤት ግቢና ሥራ ምን እንደሆነ እዪ።»

በሩን ከፈትኩ። አስካለ እየሮጠች ወጣች። ታብሌቷን በብረት ሳጥኔ ቆለፍኩባት። ሕይወት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ አላለቀሰችምም። ይህም አናደደኝ።

ቅዳሜ ሕይወት ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ እናቷ በምታውቃቸው ሰዎች ቤት ሥራ ጀመረች። እኔም ከጌታነህ ጋር ወደ ሥራዬ ገባሁ። የምንሠራው አዲስ ቪላ ነበር። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የምንሞላበት ዱቄት ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ግራጫ ነው፤ የዚህ ቤት ባለቤት ግን ባሕር የሚመስል ሰማያዊ ካልሆነ ብሎ ከበርበራ አስመጥቷል። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ቀለም አላየሁም። ቅዳሜ ስገባ ጌታነህ የሳሎኑን አንድ ጥግ ሞልቶ ጨርሷል። «ሐሙስ ነው የመጣው፤ ያኔውኑ ከፍቼ ጀመርኩት» አለኝ። ሥራው ንጹሕ ነበር። አመሰገንኩት።

እሑድ ጠዋት አስካለ የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቴ ላይ ራሷ አወጣች። ታብሌቷን በጨርቅ ጠቅልላ በእጄ ላይ አኖረችና «ልጅቷን ቀጥተሃል። ዕቃው ግን ምን አደረገህ? አሳየው» አለችኝ። በትዳራችን ውስጥ አንዳንድ ጊዜ እሷ ስትወስን እኔ እንደወሰንኩ አድርጌ እወጣለሁ። ያን ቀንም እንዲሁ አደረግሁ። ሥራ ሳልገባ በቀጥታ ወደ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሄድኩ።

ጉሌድ የሚባል ስልክ ጠጋኝ እዚያ አለ። ሶማሌ ነው፤ ግን ጅግጅጋ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ሱቁ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ዓይነት ጠባብ ነው።

«አቦ ታፌ! አንተም በታብሌት ዘመን ደረስክ?» አለና ተቀበለኝ። አበራት፤ ጣቱን ከላይ እስከ ታች ጎተተ። «መስታወቱ ብቻ አይደለም፤ ታቹም፣ ጣት የሚሰማው ክፍል፣ ሞቷል። ሰው ሲነካው ዝም ይላል፣ ሳይነኩት ይለፈልፋል። እንደ አንዳንድ ሰው።»

«ይድናል?»

«ስክሪኑ ይቀየራል። ግን የዚህ ሞዴል እዚህ የለም። ከዱባይ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት።»

«ልጄ ናት የጣለችው፤ ፈተናው ነገ ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ፈተናውን የከለከልኩ እኔ ነኝ።

ጉሌድ ቀና ብሎ አየኝ። «ቆይ እስቲ ውስጡን ልየው።» ጠርዙን በሙቅ አየር አሞቀ፤ ቀጭን ምላጭ የመሰለ ነገር አስገብቶ ቀስ እያለ አላቀቀው። ከዚያ ባትሪ መብራቱን አስጠጋና ሳቀ።

«ታፌ፣ ይህን ዕቃ ልጅህ ናት የጣለችው አልከኝ?»

«አዎ።»

«ልጅህም ሴራሚክ ትሠራለች?»

ጎንበስ አልኩ። ስንጥቁ በጀመረበት ማዕዘን፣ ከመስታወቱ ሥር፣ በቻርጀሩ ቀዳዳም ውስጥ በውሃ ተለውሶ የደረቀ ነገር ነበር። ጉሌድ በመርፌ ጫፍ ፋቅ አደረገና ወረቀት ላይ አራገፈው።

ሰማያዊ ነበር። ባሕር የሚመስል ሰማያዊ።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ከመክዳቱ በላይ የሚያመው ከዳተኛው ላይ የነበራችሁ እምነት ወዲያው አለመሞቱ ነው። ጉሌድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ለጌታነህ ጠበቃ ሆንኩ። ምናልባት ከእኔ እጅ ላይ የመጣ ይሆናል አልኩ፤ ቅዳሜ ሠርቻለሁና። ግን ታብሌቷ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ናት፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ። ደግሞ ደረቅ ዱቄት አይደለም፤ ርጥብ ሆኖ ገብቶ የደረቀ ነው። ቀለሙ ሐርጌሳ ውስጥ የነበረው አንድ ቤት ብቻ፣ የተከፈተው ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ እዚያ ቤት የነበረው አንድ ሰው ነው። ለልጄ አንድ ደቂቃ ጠበቃ ሳልሆን ለእሱ ይህን ሁሉ ተከራከርኩ።

«ታፌ፣ ቁጭ በል፤ ፊትህ ልክ አይደለም» አለኝ ጉሌድ።

«ዝጋልኝ» አልኩት።

«እዘጋልሃለሁ። ግን ፈተናው ነገ ነው አላልክም? ስማኝ፤ ዓይኑ አልጠፋም፣ እጁ ነው የሞተው። ሌላ እጅ እንሰጠዋለን።» ጣት የሚሰማውን ክፍል ገመድ ፈትቶ ተወው፤ ራሱን መንካቱም ቆመ። ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ መጋጠሚያና ያረጀ የኮምፒዩተር ማውስ አወጣና ሰካ። ስክሪኑ ላይ ቀስት ብቅ አለች። «በዚህ ትፈተን። ኢንሻአላህ ታልፋለች። ሂድ።»

ቪላው ስደርስ ጌታነህ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉን በስፖንጅ እየጠረገ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ታብሌቷን አዲስ በሞላው ሰማያዊ መስመር ላይ አኖርኳት። የማዕዘኗን ቀለም አየው፤ ከዚያ ወለሉን አየ። ስፖንጁ እጁ ውስጥ ውሃውን ለቀቀ።

«እንዴት ወደቀ?» አልኩት።

ስፖንጁን ወለሉ ላይ አኖረ። «እናቴን በቪዲዮ ላያት ነው የወሰድኩት። ታማለች። በኔ ስልክ ፊቷ አይለይም። ቆሜ ቤቱን ሳሳያት ከእጄ አመለጠ። ሰማያዊውን የበጠበጥኩበት ባልዲ ጠርዝ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ ገባ።»

«ብትጠይቀኝ እከለክልህ ነበር?»

«ትከለክለኝ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ እከለክለው ነበር።

«ዓርብ ዕለት ልጄ በጆሮህ ምን አለችህ?»

ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «'ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ ከቦርሳህ አውጥተህ መደርደሪያው ላይ ስትመልሰው አይቼሃለሁ። መሰበሩን ግን አላወቅኩም። ለማንም አልናገርም፤ አንተው ንገረው፤ ከአንተ ሲሰማ ይሻላል' አለችኝ።»

«አንተስ?»

«ልነግርህ ብዬ ነበር የወጣሁት። በእናቴ እምላለሁ። ስወጣ ፊትህን አየሁት። ሌላ ቃል ከአፌ ወጣ።»

«ለምን?»

«አንተን የማይፈራ ማን አለ፣ ጋሽ ታፈረ? ለሷ አባቷ ነህ፤ ብትቆጣትም ነገ ትታረቃላችሁ። እኔን ብታባርረኝ የት እገባለሁ?»

ይህን አስቦ ነበር ማለት ነው። ታብሌቷን መጣሉ አደጋ ነው፤ ይቅር ይባላል። ግን በእኔና በልጄ መካከል ያለውን ፍቅር መዝኖ፣ «ይህ ይችለዋል» ብሎ ሸክሙን እዚያ ላይ ጫነው። በዚያች ዓርብ ጠዋት ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ቁርስ በልቷል። ልጄ ናት ያቀረበችለት።

አልመታሁትም። «ዕቃህን ከግቢዬ አውጣ» ብቻ አልኩትና ወጣሁ። ከኋላዬ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። አልዞርኩም።

ማሕሙድ ሃይቤ ስደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። የቤቱ እመቤት በሩን ከፍታ በሶማልኛ ወደ ውስጥ ተጣራች። ሕይወት እጅጌዋን ጠቅልላ፣ መወልወያ እንደያዘች ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ታየች።

«አባዬ? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ነይ ወደ ቤት እንሂድ።»

«አልጨረስኩም እኮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ እንደገና እንደ ዳኛ ወጣ፤ ራሴም ሰማሁት።

ገባት። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ነግሬ ነበር። አንተ ባዘዝከው መንገድ ነገርኩ። በጆሮ ተናገሩ አልክ፤ ጆሮ ብለህ የሰጠኸን ጋሼ ጌታነህን ነው።»

«ሲወጣስ? 'ውሸት ነው' ለምን አላልሽም?»

«እየጠበቅሁህ ነበር።»

«ምን?»

«'ሕይወት፣ እውነት ነው?' እስክትለኝ። አንድ ጊዜ። አላልከኝም። እማዬ ረፍዶባት በሩን ታያለች፤ ቁልፉ ኪስህ ነው። እኔ ዝም ካልኩ በሩ ይከፈታል።» ከዚያ «ብናገርስ አባዬ፣ ከሱና ከኔ ማንን ታምን ነበር?» አለችኝ።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

መወልወያዋን አነሳች። «ሥራ በጅምር አይተውም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለችና ኮሪደሩን እስከ በሩ ወለወለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። እርጥቡ ሴራሚክ ላይ እንዳልረግጥ «እዚያው ቁም» አለችኝ፤ ቆምኩ። እመቤቲቱ ወንበር ልታመጣልኝ ስትል እጄን አወዛውዤ ከለከልኳት። መቀመጥ አልተገባኝም።

ዘሃራ ነገሩን ከአስካለ ሰምታ ክፍሏን ለሕይወት ለቀቀችላት፤ እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል። ሕይወት ማውስ ነክታ አታውቅም ነበር፤ ያን ምሽት ቀስቷን ስታሳድድ ዘሃራ «ያዢያት! አመለጠችሽ!» እያለች አሳቀቻት። ሳቋን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። መግባት አልደፈርኩም። ሰኞ በሦስት ሰዓት ተፈተነች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስሟ ካለፉት መካከል ነበር። አሁን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

ጌታነህ ቡርዖ ከተማ ነው የሚሠራው ይባላል። በዓመት በዓል መልእክት ይልክልኛል፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ብጽፍ ይህን ጽሑፍ ራሱን ውሸት አደርገዋለሁ። እናቱ እንደዳነች ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል፤ ይህም እውነት ነው።

አሁን ምክሬን ልስጥ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ሳይመክር አያድርምና። ወዳጄ ከዳኝ። ግን የከዳኝ እኔው ባዘጋጀሁለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። አባቴ ስለ አውጫጭኝ ሲያወራ፣ ከሰዓታት በኋላ ርቧቸውና ደክሟቸው «እኔ ነኝ» ስላሉ ንጹሐን ነግሮኝ አያውቅም። ምናልባት አላየም። ምናልባት እንደ እኔ ዓይቶ በተሳሳተ መንገድ ተርጉሟል። በር ቆልፋችሁ እውነትን አትጠይቁ፤ የሚመጣላችሁ በሩን የሚያስከፍት ቃል ብቻ ነው። ደግሞ ልጃችሁ ቀና ብላ ስታያችሁ ጠይቋት። አንዲት ጥያቄ ናት። እናውቃለን ካላችሁት ሁሉ በላይ ታውቃላችሁ።

ስክሪኑ ከዱባይ መጣ፤ ጉሌድ በግማሽ ሰዓት ቀየረው። ስንጥቁ ይታያል ወይ ብትሉ አይታይም። ያልተቀየረውን ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ።

ባለፈው ሳምንት ጓዳ ገብቼ ውሃ ስቀዳ ብርጭቆ ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ቤት ውስጥ እኔና ሕይወት ብቻ ነበርን። እሷ በሌላኛው ክፍል እያጠናች ነበር። ድምፁ ሳያባራ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ጮክ ብላ፦

«እኔ ነኝ አባዬ!» አለች።

ቀልድ ይሁን አይሁን አላውቅም። አልሳቀችም። በራሴ ሕግ «አይ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ተንበርክኬ ስብርባሪውን አንድ በአንድ በእጄ ለቀምኩ።